መብራት ሲሄድ የሚረሳው

ካዛንቺስ ሳይፈርስ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ አስጽፍ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። ጸሐፊዋ «ውይ! ሴቭ አላደረግኩትም» ብላ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። መብራቱ ሲመለስ ዊንዶውሱም፣ ትናንት የጻፈቻቸው ውሎችም በቦታቸው ናቸው። የእኔ ማመልከቻ ብቻ የለም።

ማመልከቻዬ የነበረው ራም ላይ ነው። እየተጻፈ ያለ ደብዳቤም ሆነ የተከፈተ ፕሮግራም የሚያርፈው እዚያ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ቢት፣ ማለትም የመረጃ ትንሿ ቅንጣት፣ ኢምንት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ቻርጁም በተሰነጠቀ ማድጋ እንዳለ ውኃ ወዲያው መፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሳያሰልስ ይሞላዋል፤ በተለመደው ራም በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሁሉም ቢት አንድ ጊዜ ይታደሳል፣ በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። መብራት ሲሄድ መሙላቱ ይቆማል። ለአንድ ቢት አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር የሚበቃውን ይህን አሠራር የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ በ1968 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት አገኘበት። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ካሽ የሚባል ሚሞሪ ደግሞ እጅግ ፈጣን ነው፣ መታደስም አያሻውም፤ ግን ለአንድ ቢት በተለምዶ 6 ትራንዚስተር ስለሚበላ ውድ ነው። እሱም መብራት ሲሄድ ይረሳል።

ኮምፒውተሩ ጢጥ ጢጥ እያለ አልነሳ ካለ፣ ጥገና ቤት ያለው ልጅ መጀመሪያ ራሙን ነቅሎ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ያሻቸዋል። ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ጥርሱ ላይ ያደረው ቆሻሻ ነበር ችግሩ። አዲስ ራም ስትገዙ ግን አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የዲዲአር3 እና የዲዲአር4 ቁራጮች ጥርስ መሐል ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ አንዱ የሌላው ቦታ አይገባም።

«ሚሞሪ ሞልቶ ነው» እየተባለ ስንት ደብዳቤ ተሰርዟል! ኮምፒውተር ብዙ ፕሮግራም ሲከፈት የሚንቀራፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ራም አንሶት ነው፤ ፋይል መሰረዝ ራሙን አይጨምርም። ደግሞም ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ «ቂርቆስ» 12 ባይት ነው። አንድ የስልክ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ከሚሊዮን ባይት ይበልጣል።

መብራት ቢሄድም የማይረሱት ሌሎቹ ናቸው፦ ሃርድ ዲስክ በማግኔት ይይዛል፤ ኤስኤስዲና ፍላሽ ደግሞ ኤሌክትሮኖችን በማያስተላልፍ ነገር ከበው ያስራሉ። እስሩ ጠንካራ ቢሆንም ዘላለማዊ አይደለም፤ ሳይሰካ ዓመታት የተቀመጠ ፍላሽ ቻርጁ ቀስ እያለ ይሾልካል። የእኔ መሳቢያ ውስጥ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት የፈረሰው የካዛንቺስ ሰፈር ፎቶዎች ያሉበት ፍላሽ አለ፤ ያቺ ጽሑፍ ቤትም ከነበረንዳዋ አለችበት። ትናንት ማታ ከፍቼ አየኋቸው፤ ሁሉም አሉ። ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኳቸው፤ ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ እህቴ ቤት አስቀመጥኩ።