ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራ ድረ ገጽ፦ ሰርቨር ስናዋቅር ልብ የምንላቸው ነጥቦች



ድረ ገጽ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ኢንተርኔት ነው። ዳታ ከሌለ ድረ ገጽም የለም ብለን እንደመድማለን። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በስልኩ ብቻ ይማር ለነበረ ተማሪ ችግሩ ምን ያህል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ድረ ገጽ የግድ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ገጹን የሚሰጥ ኮምፒዩተርና ያንን ኮምፒዩተር ከስልካችን ጋር የሚያገናኝ ኔትወርክ። አንድ የቆየ ዴስክቶፕና አንድ የዋይፋይ ራውተር ካሉ፣ ዋይፋዩ የሚደርሰው ተማሪ ሁሉ ሞጁሎችን፣ የቆዩ ጥያቄዎችንና የመውጫ ፈተና መለማመጃዎችን ያለ ምንም ዳታ መክፈት ይችላል። ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ለምንማር ተማሪዎች ይህ ቅንጦት አይደለም።

ለዚህ የሚሆኑ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውና በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የሚሠራበት ሙድል ነው። የተጻፈው ፒኤችፒ በሚባለው የስክሪፕት ቋንቋ ነው። እሱን ለማስኬድ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ እንደ አፓቺ ያለ የድረ ገጽ ሰርቨር፣ ፒኤችፒ ራሱ፣ እንዲሁም እንደ ማይኤስኪውኤል ያለ ዳታቤዝ። መጫኑ ከባድ አይደለም። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ማዋቀሩ ነው። ዋናው ጥያቄም አንድ ነው፦ ሰርቨሩ የትኛውን ፋይል አውጥቶ ይሰጣል? የትኛውንስ ከውስጥ አስቀርቶ ውጤቱን ብቻ ያቀርባል?

ደረሳውና ሸኹ

መድረሳ ያደግን ሰዎች ነገሩን በምሳሌ እንረዳዋለን። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ የሚቀበለው ደረሳ ነው። እንግዳው የሶላት ሰዓት ከጠየቀ ደረሳው ራሱ ይነግረዋል። ጥያቄው ኪታብ ማየት የሚፈልግ ከሆነ ግን ወደ ሸኹ ይገባል፤ ሸኹ አይተው መልሱን ይሰጡታል፤ እሱም መልሱን ይዞ ይወጣል። እንግዳው የሚደርሰው መልሱ እንጂ ኪታቡ አይደለም።

አፓቺ እንደ ደረሳው ነው፤ ፒኤችፒ እንደ ሸኹ። ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ሲጠየቅ አፓቺ ራሱ አንስቶ ይሰጣል። ስሙ በፒኤችፒ የሚያልቅ ፋይል ሲጠየቅ ግን ለፒኤችፒ ማስተላለፍ አለበት። ይህን እንዲያደርግ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ካልተነገረው ስክሪፕቱን እንደ ተራ ጽሑፍ አንስቶ ይሰጣል። ያኔ ኮዱ ከነምስጢሩ እንግዳው ስክሪን ላይ ይወጣል።

ይህ በጀማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 የፌስቡክ መነሻ ገጽ ኮድ ለአንዳንድ ጎብኚዎች በግልጽ ታይቶ ነበር። ምክንያቱ በትክክል ያልተዋቀረ ሰርቨር እንደሆነ ኩባንያው ራሱ ገልጿል።

ስለዚህ መተግበሪያውን ከመጫናችን በፊት ሁለት ቁጥሮችን ደምሮ የሚያሳይ ትንሽ ስክሪፕት ጽፈን ከሌላ ስልክ እንክፈተው። ድምሩ ከታየ ግንኙነቱ ደህና ነው። ኮዱ ራሱ ከታየ እዚያው ቆመን እናስተካክል። የፒኤችፒን ሙሉ መረጃ የሚዘረዝር የሙከራ ገጽ ከሠራንም እንዳየነው እናጥፋው፤ ስለ ሰርቨራችን ብዙ ነገር ለማያገባው ሰው ይነግራል።

ምን ከየት ይቀመጥ?

አፓቺ ለሕዝብ የሚያቀርበው አንድ የተወሰነ ፎልደር አለው። እዚያ የገባ ነገር ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል ብለን እንነሳ። ተማሪዎች የሚጭኗቸው ፋይሎች፣ የዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂዎችና የአባላት ዝርዝር ከዚህ ፎልደር ውጭ መሆን አለባቸው። ሙድልም የዳታ ፎልደሩ በድረ ገጽ በኩል በቀጥታ በማይደረስበት ቦታ እንዲሆን ያዛል። ሌላ መተግበሪያ የተጫኑ ፋይሎችን የግድ ሕዝብ በሚያየው ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ ስክሪፕት እንዳይሠራ እንከልክል። አለበለዚያ ፎቶ ነው ብሎ ስክሪፕት የሚጭን ሰው ሰርቨሩን ሊያዝበት ይችላል።

አንድ ነገር እምቢ ሲል ለፎልደሩ 777 ፈቃድ መስጠት የተለመደ አቋራጭ ነው። ትርጉሙ ግን በኮምፒዩተሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያስኪድ ማለት ነው። አንዳርገው። ለዳታቤዙም ዋናውን የአስተዳዳሪ ስም ሳይሆን በአንድ ዳታቤዝ ላይ ብቻ የሚሠራ ተጠቃሚ እንፍጠር። ዛምፕ የሚባለው ጥቅል ለመማሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዳታቤዙ አስተዳዳሪ ያለ ይለፍ ቃል ስለሚመጣ እንዳለ ለሌሎች አይከፈትም።

ብዙዎችን የሚያስቆሙ ትንንሽ ነገሮች

ፒኤችፒ ሲጫን የሚቀበለው የፋይል መጠን 2 ሜጋባይት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚላከው ጠቅላላ መረጃ ደግሞ 8 ሜጋባይት። 20 ሜጋባይት የሆነ ሞጁል እምቢ ካለ ጥፋቱ የኔትወርኩ ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም ቁጥሮች ከፍ አድርገን አገልግሎቱን እንደገና እናስነሳ።

የአማርኛ ጽሑፍ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ የፊደል ኮዱን እንይ። ገጹም ዳታቤዙም ዩቲኤፍ 8 መሆን አለባቸው። በዚህ አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል።

ራውተሩ ለሰርቨሩ የሚሰጠው አድራሻ ሊቀያየር ስለሚችል በራውተሩ ላይ ቋሚ አድርገን እንመድበው። ለዋይፋዩም ይለፍ ቃል ይኑረው። ገጹ ምስጠራ ከሌለው ደግሞ ማንም ሰው የኢሜይሉን ይለፍ ቃል እዚህ እንዳይደግም እንንገር።

መብራት ድንገት ሲጠፋ በጽሕፈት ላይ ያለ ዳታቤዝ ሊበላሽ ይችላል። የቆየ ላፕቶፕ ባትሪው የሚሠራ ከሆነ ከዴስክቶፕ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በየሳምንቱም ቅጂ ወስደን ከዚያው ኮምፒዩተር ውጭ እናስቀምጥ፤ ቅጂው በትክክል መከፈቱንም እንሞክር።

አማናው

የጀመዓው ሰርቨር ላይ ሞጁል ብቻ አይቀመጥም። ቀስ እያለ የእህቶችና የወንድሞች ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የዶርም ቁጥር፣ ማን ድጋፍ እንደተደረገለት የሚያሳይ ዝርዝር ይገባበታል። ሰደቃ የተቀበለ ተማሪ ስሙ ቢወጣ ሐፍረቱን ማንም ሊመልስለት አይችልም። ስለዚህ የማያስፈልገንን መረጃ ከመጀመሪያው አንሰብስብ። የድጋፍ ዝርዝር ሰርቨሩ ላይ ባይገባ ይሻላል።

ከግቢው ኔትወርክ ጋር ከማገናኘታችን በፊት የዩኒቨርሲቲውን የአይሲቲ ክፍል እናስፈቅድ። ሁለት ሰዎች ኃላፊነት ይውሰዱ፤ አንዱ ከታች ባች ይሁን። ያደረጉትን ሁሉ በደብተር ይጻፉ። የሚመረቀው ሲወጣ የይለፍ ቃሉ ይቀየርና ደብተሩ ለተተኪው ይሰጥ።

ለመጀመር የሚፈልግ ካለ በመጀመሪያ የድምር ስክሪፕቱን በራሱ ላፕቶፕ ይሞክር፤ ቀጥሎ ከጓደኛው ስልክ ይክፈተው። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ኢንሻአላህ፣ በትዕግሥት የሚደረስበት ነው። ወሰላሙ ዐለይኩም።