ፍሬን ሲጮህ ሬዲዮውን ከፍ አናድርግ

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በነርስነት ነው። በሙያችን ገና ስንጀምር የተማርነው ነገር ቢኖር ሳል በራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት መሆኑን ነው። ሽሮፕ ብቻ ሰጥቶ የሚሸኝ ሰው ሳሉን ዝም ያሰኛል እንጂ በሽተኛውን አያድንም። መኪናም እንዲሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ልደታ አካባቢ ልጆች ጭነው ወደ ትምህርት ቤት ከሚሮጡት መኪኖች መካከል መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ “ሲጢጥ” የሚሉ አይጠፉም። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ያልፋል፤ ከኋላ ከልጅ ልጆቿ ጋር የተቀመጠችው አያት ግን ትሰማለች። ይህ ጽሑፍ ለእርሷም፣ መሪ ለያዘውም ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬን ዘይት በግፊት ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። የብዙ ትንንሽ መኪኖች የኋላ ጎማ ላይ ደግሞ ሸራው በታምቡሩ ውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። መኪናዋን የሚያቆማት ይህ ሰበቃ ነው። ሸራው በደንብ ካልገጠመ፣ ፊቱ በሙቀት ደርቆ ካብለጨለጨ ወይም አቧራ ከገባበት በጣም ፈጣን ንዝረት ይፈጠራል። የምንሰማው ጩኸት ያ ንዝረት ነው።

ሁሉም ድምፅ እኩል አያስፈራም

በክረምት፣ ዝናብ ሲጥል ባደረበት ጠዋት ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ጥቂት ጊዜ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ድምፁ ከጠፋ አያሳስብም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ይህ ድምፅ አለባቸው። ፍጥነት የሚቀንሱት በአብዛኛው በሞተሩ ስለሆነ ሸራቸው ብዙ አይሠራም፤ ዲስካቸው ግን ይዝጋል።

ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ከሆነ ግን ይመርመር። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሲሳሳ ምላሷ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች፤ “አልቄያለሁ፣ ቀይሩኝ” ማለቷ ነው። አዲስ ሸራ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት።

ጩኸቱ ብረት በብረት የሚፋቅ ከሆነ፣ ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የፍሬን መብራት ከበራ ልጅ አይጫንባት። መካኒኩ ወደ መኪናዋ ይምጣ።

መካኒኩን ምን እንበለው?

“ድምፁን አጥፋልኝ” አንበል፤ “ጎማውን አውልቀህ ሸራውን አሳየኝ” እንበል። ሸራው ካለ ማጽዳት፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ መፋቅ፣ ተንሸራታች ፒኖቹን ሙቀት በሚችል ግራሶ መቀባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካለቀ ግን የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየራል፤ አንዱን ብቻ መቀየር መኪናዋን ወደ ጎን ያስባል። የተቦረቦረ ዲስክ ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፤ ከሳሳ ግን ይቀየራል። ድምፅ ለማጥፋት ብሎ ዘይት ወይም ግራሶ ሸራው ፊት ላይ ማስነካት ፍሬኑን መግደል ነው። ሶማሌ ተራ ስንወርድም ርካሹን ብቻ አንፈልግ፤ የመኪናዋን ሞዴልና ዓመተ ምርት ይዘን እንሂድ። ሥራው ሲያልቅ መካኒኩ ከመነሳቱ በፊት ፔዳሉን ደጋግሞ ይርገጥ፤ እስኪጠነክር ድረስ መኪናዋ አትንቀሳቀስ።

ስለ አቧራው

ይህን የምለው በጤና ባለሙያነቴ ነው። የቆዩ ሸራዎች፣ ዛሬም አንዳንድ ርካሽ ሸራዎች፣ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ ይገልጻል። ጉዳቱ ሳንባ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ጎማ ሲወልቅ ሕፃናት አይጠጉ። አቧራው በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይጣል። ለመካኒኩም ይንገሩት፤ እርሱም የሰው ልጅ አባት ነው።

ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ

ከእንጦጦ ስንወርድ፣ ይልቁንም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ፍሬን እየያዙ መሄድ ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ፣ ያረጀ ዘይት በዚያ ሙቀት ሊፈላና ፔዳሉን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይወረዳል። ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር መልካም ነው።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። የሸራ ዋጋ ይከብዳል፣ እውነት ነው። የተበላ ዲስክ ግን ከሸራ ይበልጣል፤ የአጥንት ስብራት ደግሞ ከሁለቱም። እናቶችና አያቶች ሆይ፣ ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ድምፁን ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። “ልጄ፣ ይቺ መኪና ምን ሆናለች?” ብላችሁ ጠይቁ።