በሰሃራ አሸዋ ላይ የሚጥለው በረዶ

አይን ሰፍራ በሰሜን ምዕራብ አልጄሪያ፣ ከሞሮኮ ድንበር ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። «የበረሃው በር» ይሏታል። የአትላስ ተራሮች ከበዋታል፤ ከጎኗ ደግሞ ብርቱካናማ የአሸዋ ክምር ተደርድሯል። በጁላይ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። በብርዱ ወራት በረዶ ለብሳ በዓለም ጋዜጦች ላይ የምትወጣውም ይህችው ከተማ ናት።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1979 ግማሽ ሰዓት ያህል በረዶ ጣለባት፤ መኪና አስቆመ፣ በሰዓታት ውስጥም ቀልጦ አለቀ። በዲሴምበር 19 ቀን 2016 እንደገና ሲጥል ላንድሳት 7 ሳተላይት ነጩን መሬት ከሕዋ ፎቶ አነሳችው፤ ጋዜጦቹም «ከ37 ዓመት በኋላ» ብለው ጻፉ። አባባሉ ግን ስለ አንዲት ከተማ እንጂ ስለ ሰሃራ ሁሉ አይናገርም። በጃንዋሪ 2012 እዚያው አልጄሪያ ውስጥ በበሻር አውራጃ ጥሎ ነበር። በአይን ሰፍራም ቢሆን በ2017፣ በ2018፣ በ2021 እና በ2022 ተደጋግሟል።

የ2018ቱ ለብቻው መታየት አለበት። በከተማዋ የጣለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከፍ ባሉት የአሸዋ ክምሮች ላይ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር መድረሱ ተዘግቧል። ፎቶግራፎቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው፣ በረዶው አሸዋውን ጨርሶ አልሸፈነውም። ነፋስ በጠረገው ጠርዝ ላይ አሸዋው መስመር መስመር ሠርቶ ይታያል፤ ጥላ ባረፈበት ተዳፋት ነጩ እንደ ባዘቶ ተነጥፏል፤ ልጆች ቁልቁል እየተንሸራተቱ ይጫወታሉ። ጧት የጣለው በረዶ እስከ አመሻሹ 11 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ቀለጠ።

ምስጢሩ ምንድን ነው? በረሃን በረሃ የሚያሰኘው የዝናብ እጥረት እንጂ ሙቀት አይደለም። አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ በመሆኑ ቀን የጋለው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ስለዚህ በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች መውረድ ለሰሃራ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጎድለው እርጥበት ነው። ከአውሮፓ የሚነሳ ቀዝቃዛ አየር አልፎ አልፎ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ፣ ከሜዲትራንያን ባሕር ላይ እርጥበት ይዞ ይመጣል፤ አትላስን ሲወጣም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አይን ሰፍራ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በአካባቢዋ ያሉት ተራሮች ደግሞ ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ።

ይኸው ከፍታ በሌሎች በረሃዎችም ወሳኝ ነው። በሳውዲ አረቢያ ታቡክ አካባቢ የሚገኘው ጀበል አልላውዝ 2,500 ሜትር ስለሚያልፍ በረዶ ደጋግሞ ያያል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች፣ ራስ አልኸይማ ውስጥ ባለው ጀበል ጄስ ግን በረዶ ብርቅ ነው፤ በዲሴምበር 2004 እና በጃንዋሪ 2009 የጣለው ለአገሬው ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር። የቺሊው አታካማ ከዓለም ደረቅ በረሃዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በጁን 2025 በ2,900 ሜትር ላይ ያለው የአልማ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ሰፈር በበረዶ ተሸፍኗል።

ከዚህ የምትለየው ባግዳድ ናት። ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለች ከተማ ሆና ሳለ በጃንዋሪ 2008 እና በፌብሩዋሪ 2020 በረዶ ጥሎባታል። እንዲህ ያለው ግን በጣም ጥቂት ነው። እናም «በረሃ ላይ በረዶ ጣለ» የሚል ዜና ስታነቡ፣ ከመደነቃችሁ በፊት ቦታው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ጠይቁ።