ፎቶግራፍ ሲናገር፣ ፎቶግራፍ ሲደብቅ

በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አዲስ አበባ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከሚጠብቃቸው ቅርሶች መካከል የነገሥታቱ አሮጌ ፎቶግራፎች አሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የአደባባይ ሕይወት ብንወስድ፣ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ፣ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ አቤት ሲሉ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካን መሪዎች ሲያስተናግዱ ተነስተዋል።

ታዲያ ፎቶግራፍ ሁሉን ያሳያል ማለት ነው? አይደለም። የቤተ መንግሥት አንሺ የሚያነሳው እንዲታይ የተፈለገውን ነው። የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ ግን ከሕዝብ ተደብቆ ቆየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውን የረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የድግሱ ሥዕል ያው ነው፤ ትርጉሙን የለወጠው ጎረቤቱ ነው። ያጎራበተውም እኮ የራሱ ዓላማ ነበረው።

ስለዚህ እኛ ዕጩ መምህራን ፎቶግራፍ ይዘን ክፍል ስንገባ፣ «ማን አነሳው? መቼ? ለማን? ምን ተተወ?» ብለን እንጠይቅ። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ቤቶችም አሮጌ ፎቶግራፎች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ሳያልፉ ስም፣ ቦታና ዘመን ከጀርባቸው እናስጽፍ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ነገ ምስክርነቱ ያጠራጥራል።