«ምሥጢራዊ» ወይስ «ዝግ»? ስለ አንድ ስያሜ ምርጫ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ፍራተርኒቲ» እና «ሶሮሪቲ» የሚባሉ የተማሪዎች ማኅበራት አሉ። ስያሜዎቹ ከላቲኑ «ፍራተር» (ወንድም) እና «ሶሮር» (እኅት) የወጡ ስለሆኑ «የወንድማማቾች ማኅበር»፣ «የእኅትማማቾች ማኅበር» ብሎ መተርጐም አያስቸግርም። ተርጓሚን የሚፈትነው አዲስ አባል ሲቀበሉ ከውጭ ሰው ሠውረው የሚፈጽሙት ሥርዓት ስም ነው።

«ምሥጢራዊ ሥርዓት» እንዳንል፣ በቤተ ክርስቲያን ጥምቀትና ቁርባን ምሥጢራት ናቸው፤ በጎጃም የቅኔ ጉባኤም ምሥጢር ማለት የቅኔው ውስጠ ሐሳብ ነው። «ስውር» ከዓይን የተሠወሩ ቅዱሳንን፣ «ኅቡዕ» የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የፖለቲካ ድርጅቶች ያስታውሳል። «ድብቅ» ደግሞ ወንጀል ይሸታል።

ስለዚህ አስቀድመን የሥርዓቱን ተግባር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1776 በቨርጂንያ፣ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ የተመሠረተው ፋይ ቤታ ካፓ መሐላና የተለየ የእጅ አጨባበጥ ነበረው። ስሙም የግሪክኛ መሪ ቃሉ መነሻ ፊደላት ነው። በ1831 የሃርቫርዱ ቅርንጫፍ ምሥጢር መጠበቁን ተወ። የመሪ ቃሉ ፍች ዛሬ የታወቀ ነው፤ ፍልስፍና የሕይወት መሪ ናት ማለት ነው። ይህን ከሰው መሸሸግ ምን ይጠቅም ነበር? ይዘቱን ለመጠበቅ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ጥቅሙ የሚያውቁትን ከማያውቁት ለይቶ እርስ በርስ ማስተሳሰር ነው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ጌዖርግ ዚመልም ስለ ምሥጢር ማኅበራት በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ ምሥጢርን ያየው በዋናነት ሰዎችን በሚያገናኝበትና በሚለያይበት መንገድ ነው።

ይህንኑ የማስተሳሰር ተግባር በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር፣ ያለ ምንም ሽሽግ የሚፈጽም ማኅበር አለ። በወር በወሩ፣ ለምሳሌ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም፣ ተረኛው ጠላና ዳቦ ያዘጋጃል፤ ሙሴው ይመራል፤ ጸሎት ይደረሳል፤ ጽዋውም ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ነዳይ ቢመጣ ከዝክሩ ይቀምሳል። ማኅበርተኛውን የሚያስረው የጽዋው ተራ ነው፤ ተራ የደረሰው ሰው ቢያጓድል ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። የቡሬ አንባቢ «ማኅበር» ሲባል የሚታየው ይህ ነው። «ምሥጢራዊ» የሚል ቅጽል ሲጨመርበት ነገሩ ወይ ቅዱስ ወይ ጥንቆላ መስሎ ይታየዋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

እኛ የምንመርጠው «ዝግ ሥርዓት» የሚለውን ነው። «ዝግ ችሎት» ስንል ችሎቱ መሰየሙን ሁሉም ያውቃል፤ የማይገለጠው በውስጡ የሚነገረው ነው። የተማሪዎቹም ሥርዓት እንዲሁ ነው። አባል ለሚገባበት ሥርዓት «ዝግ የአቀባበል ሥርዓት» ይበቃል። («ቅበላ» የጾም ዋዜማ ስም ስለሆነ አይሆንም።)

«ሄዚንግ» የሚባለው ግን ከዚህ መለየት አለበት። አዲስ ገቢውን መደብደብ፣ አለመጠን መጠጥ ማስጠጣትና ማዋረድ ሲሆን፣ ሕይወት አጥፍቷል፤ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶችም በሕግ የተከለከለ ነው። ይህን «ሥርዓት» ብሎ መተርጐም ድርጊቱን መሸፈን ስለሚሆን «አዲስ አባልን ማንገላታት» እንዲባል እናሳስባለን።