የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ በቤዝቦል ጨዋታ



ከሰቆጣና ከሰሃላ ለመጣችሁ፣ የገናን ጨዋታ ለምታውቁ ሁሉ፣ ኳስን በዱላ መምታት እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ሁሉም ጥንጓን ተከትሎ ይሮጣል፤ በቤዝቦል ግን ኳሷ ወደ እርሱ እስክትመጣ ቦታውን ይዞ የሚጠብቅ ተጫዋች አለ፤ እርሱም የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ ነው።

መቺው ኳሷን መሬት ለመሬት ሲመታ 27.4 ሜትር ርቆ ወደሚገኘው አንደኛ ቤዝ ይሮጣል። ኳሷን ያነሳው ተከላካይ ለጠባቂው ይወረውርለታል። ጠባቂው አንድ እግሩ ቤዙን እንደነካ፣ ሯጩ ሳይደርስ ኳሷን ከያዘ ሯጩ ይወጣል። ጥበቡ ባለመቸኮል ላይ ነው፤ የውርወራውን አቅጣጫ ሳያይ አስቀድሞ የተዘረጋ ጠባቂ ኳሷ ወደ ጎን ብታዘነብል ሊደርስባት አይችልም። እግሩንም በቤዙ ጠርዝ እንጂ በመካከሉ አያኖርም፤ መካከሉ የሯጩ መርገጫ ነውና።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን በዘመናዊው ዋና ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ለብሩክሊን ዶጀርስ የተሰለፈው በዚሁ ቦታ ነበር። ቦታው ለእርሱ አዲስ ነበር። ከዚህም በላይ፣ መገኘቱን የሚጠሉ ተቃዋሚዎች ሹል ብረት ባለው ጫማ ወደ እግሩ ይሮጡ ነበር፤ በዚያው ዓመት አንድ ሯጭ እግሩን ረገጠው። እርሱ ግን ጨዋታውን አላቋረጠም፤ በዓመቱም ፍጻሜ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ።

እንግዲህ ይህን ቦታ የዘገምተኞች መጠለያ አድርጎ መናቅ ስሕተት ነው። በዚያ የሚቆም ሰው ዓይኑን ከኳሷ ሳይነቅል፣ እግሩን ለሚመጣበት ሁሉ አጋልጦ የሚጸና ነው።