ቁጡ የጌጥ ዓሣና ተስማሚ ጎረቤቱ

በመስተዋት ገንዳ ለጌጥ የሚቀመጡ ዓሦች ንግድ ከሌላው ሸቀጥ የሚለይበት ጠባይ አለው። ጨርቅ ከጨርቅ፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር ቢደረደር አይጣላም፤ ቁጡ ዓሣ ግን ጎረቤቱን ገድሎት ሊያድር ይችላል። ኪሳራውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዓሣው ቁጡ በመሆኑ ሳይሆን፣ ሻጩ ከማን ጋር እንደሚኖር ሳይጠይቅ በመሸጡ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ ከሚዋሰኑበት ከማላዊ ሐይቅ የተገኙት ምቡና የተባሉት ዓሦች ናቸው። በሐይቁ ከ500 የሚበልጡ የሲክሊድ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቅ የሚጠመደው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ምቡና በቋጥኞች መካከል እየኖረ፣ በድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አልጌ የተባለ አረንጓዴ የውኃ ዕፅ ይግጣል። ወንዴው የያዘውን ዋሻ እንደ ርስት ይጠብቃል፤ ይልቁንም መልኩን የሚመስል ሌላ ወንዴ ሲያይ ቁጣው ይብሳል።

ከእነዚህ መካከል አውራተስ የተባለው ገዢን ያታልላል። በልጅነቱ ቢጫ መልክ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት እጅግ ያማረ ዓሣ ነው፤ ወንዴው ሲያድግ ግን መልኩ ይጠቁራል፤ ጠባዩም ይከፋል። ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ገንዳውን በሙሉ ሊገዛ ይችላል። መልኩን ብቻ አይቶ የገዛ ደንበኛ ውሎ አድሮ የሞቱ ዓሦችን ይቆጥራል፤ ወደዚያ ሱቅም አይመለስም። ቢጫ ዓሣ ለሚሻ ሰው ላቢዶክሮሚስ የተባለውን፣ ጠባየ ለዘብተኛውን ምቡና ማቅረብ ይሻላል።

ተስማሚ ጎረቤት ለመምረጥ በመጀመሪያ የሚታየው ውኃው ነው። ምቡና ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ማዕድን የበዛበት ውኃ ይወዳል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውኃ የሚስማማው ወርቃማው ዓሣ፣ ወይም ለስላሳ ውኃ የለመደውና ክንፈ ረጅሙ የአማዞን ኤንጄል ጎረቤቱ ሊሆኑ አይገባም። በሁለተኛ ደረጃ መልክና መጠን ይታያሉ፤ ጎረቤቶቹ በመጠን ተቀራራቢ፣ በመልክ ግን የተለያዩ ይሁኑ። በሦስተኛ ደረጃ ለአንድ ወንዴ ሦስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሴቶች ይመደቡ። ከአምባዛ ወገን የሆነው ሲኖዶንቲስም ገንዳውን በሰላም ሊጋራ ይችላል።

የሚያስገርመው፣ ዓሦቹ ጥቂት ሲሆኑ ጉልበተኛው አንዱን ለይቶ ያሳድዳል፤ በርከት ሲሉ ግን ቁጣው ይከፋፈላል። ይህ የሚሆነው ገንዳው 200 ሊትር ያህልና ከዚያ በላይ ሲይዝ፣ መሸሸጊያ ድንጋይ ሲኖረውና ማጣሪያው ብርቱ ሲሆን ነው። አዲስ ዓሣ ሲገባም ድንጋዩን አዛውሮ መደርደር የቀድሞውን ባለርስት ግዛት ያፈርሳል።

አስመጪዎች ቁጡዎቹን ዓሦች ኦክስጅን በተሞላ ከረጢት አንድ በአንድ ለይቶ ማሸግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃሉ። ይህ ጥንቃቄ በሱቁ ደጃፍ ሊያበቃ አይገባም። ባለሱቁ ከመሸጡ አስቀድሞ የገንዳውን ስፋትና በውስጡ ያሉትን ዓሦች ይጠይቅ፤ የማይስማማ ከሆነም ሽያጩን ይተው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ የቀረ የአንድ ዓሣ ዋጋ ነገ ደንበኛን ያተርፋል።